ቴሌግራም ለኢአማኒ፦ ቅጽል ስሙ ይደብቃል፣ ቁጥሩ ያሳጣል

«እግዜር የለም» የሚለውን ሐሳብ በአማርኛ ለመጻፍና ለመከራከር ቴሌግራም ከፌስቡክ ይሻላል። ፌስቡክ ትክክለኛ ስም ይፈልጋል፤ ተቃዋሚ ተሰባስቦ ሪፖርት ካደረገ መታወቂያ አምጣ ሊባል ይችላል። ቴሌግራም ስለ ስም ግድ የለውም፣ ሲከፈት ግን ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ቁጥር ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ይደነግጋል፤ ዘመድ፣ እድርና አከራይ ግን አንቀጽ አይጠቅሱም። ቅጽል ስሙ «ጠያቂው» ቢሆን እንኳ ቁጥሩን «የአልማዝ ልጅ» ብላ የመዘገበች ጎረቤት ስልኳ ላይ የሚታያት «የአልማዝ ልጅ» ነው። ሙግቱን ከነባለቤቱ ታነበዋለች።

ስለዚህ ዘመድ የማያውቀው ሌላ ሲም ያስፈልጋል። አካውንቱ ሲከፈት ኮንታክት ልይ ካለ መከልከል። ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፎን ነምበር» ገብቶ፣ ቁጥሬን ማን ይይ ለሚለው «ኖባዲ» ማለት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ከሥሩ ግን ሌላ ጥያቄ ብቅ ይላል፦ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ? እሱን «ማይ ኮንታክትስ» ካላደረጉት ቁጥሩን የያዘ ሁሉ አካውንቱን ያገኘዋል፤ የመጀመሪያው ልፋት መና ቀረ ማለት ነው። «ፎርዋርድድ ሜሴጅስ»ም «ኖባዲ» ይሁን፤ አለዚያ ከሰው ሰው የሚዞረው ጽሑፍ ሲነካ ወደ ጸሐፊው ይመራል። «ኮልስ» ሥር ፒር ቱ ፒርን (ጥሪ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ የሚሄድበትን) «ኔቨር» ማድረግ አይፒ አድራሻን፣ ማለትም ስልኩ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ይሸሽጋል።

ሲሟን አውጥቶ መጣል አይገባም። ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ አዲሱ ባለቤትም በኤስኤምኤስ ኮድ ሰተት ብሎ ይገባል። «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ከበራ ግን የይለፍ ቃል ስለሚጠየቅ የቆየውን ጽሑፍ አያይም።

ከዘመድ አልፎ መንግሥትን ለሚፈራ ሰው ይህ ሁሉ አይበቃም። ሲም የሚወጣው በመታወቂያ ነው፤ ቴሌግራምም ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ ሕጋዊ ጥያቄ ከቀረበለት ቁጥርና አይፒ ሊሰጥ እንደሚችል አስታውቋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው (ከተጻጻፉት በቀር ቴሌግራምም የማያነበው) «ሲክሬት ቻት» ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ግሩፕ አያገኘውም።

ምስጋና የሚገባው ቻናሉ ነው። ተመዝጋቢ ተመዝጋቢን አያይም፤ የሚያየው አድሚን ብቻ። የጸሐፊውን ስም የሚያወጣው «ሳይን ሜሴጅስ» እስካልበራ ድረስ ጽሑፉ የሚወጣው በቻናሉ ስም ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ የራሱ ቻናል ያለው ሰው፣ «ፕሪሚየም» የተባለውን የክፍያ አገልግሎት ከገዛ፣ ክፍት ግሩፕ ውስጥም በቻናሉ ስም መከራከር ይችላል፤ «ከሃዲ» ብሎ የሚሳደብም የሚሰድበው ቻናሉን ነው።

የድምፅ ውይይቱ ግን ወጥመድ ነው። በቻናል ስም ያስገባል፣ ድምፅ ግን አይቀይርም። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ማን እንደሆነ ይለያል። መቀዳቱን የምታሳየው ቀይ ነጥብ ባትበራ እንኳ፣ ከጎን በሌላ ስልክ የሚቀዳ አይጠፋም። ማንነትን በመደበቅ ቴሌግራም ለጽሑፍ ከ5 4፣ ለድምፅ ከ5 1 ያገኛል።