ንብ አናቢው መርማሪ

«ሚስተር ሆምስ» የተባለውን ፊልም ትናንት ማታ ጅማ፣ ቤቴ ሆኜ አየሁት። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ጀበና።

ተዋናዩ ኢያን ማኬለን የልብ ወለዱን መርማሪ፣ የ93 ዓመቱን ሸርሎክ ሆምስን ይጫወታል። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል። አባቴ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል እያየሁ ስላደግኩ፣ ቀፎው ጋ ሲጠጋ የእጁን ቀስታ አመንኩት። ሐኪሙ ነገር በረሳ ቁጥር ማስታወሻው ላይ ነጥብ እንዲያደርግ ነግሮታል። ገጹ በነጥብ ሲሞላ አንጀቴን በላኝ። ከዚያ ደግሞ በ30 ዓመት ያነሰውን ሆምስ ማኬለን ራሱ ይሆናል፤ ወገቡ ቀጥ፣ ዓይኑ ንቁ! ፊልሙ ውስጥ ጃፓን የሚታይበት ክፍል ግን ትንሽ ይንዛዛል።

ማኬለን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በ1988 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሬዲዮ በግልጽ ተናግሯል። 48 ዓመቱ ነበር። ድፍረቱን ከልቤ አከብራለሁ። ፊልሙን ዛሬ ማታ ለእህቴ አሳያታለሁ።