ለማይበራ ላፕቶፕ ፓስወርድ የጠየቀኝ ሱቅና የመገናኛው ልጅ

ሰኞ ጠዋት የላፕቶፔን ማብሪያ ብጫን ብጫን ዝም። መብራት የለ፣ የፋን ድምፅ የለ። ማታውን መብራት ሄድ መጣ ሲል ስላመሸ፣ በቃ ተቃጠለ ብዬ ደመደምኩ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 3 ነው፣ ዩዝድ የገዛሁት። እንጀራዬ በሱ ነው።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ቻርጀሩን ነቅዬ ማብሪያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኜ ያዝኩት። አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይመልሰዋል፣ የኔን አልመለሰውም። ዲቫይደሩን ትቼ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። የጎረቤቴን ቻርጀር ለመንኩ። የሞተው ስክሪኑ ብቻ እንዳይሆን ብዬም ካፕስ ሎክን ተጫንኩ፣ መብራቷ ከበራች ውስጡ ይሠራል ማለት ነው። አልበራችም።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ሱቅ ስም አልጠራም። ትልቅ ነው፣ ያበራል፣ መቀመጫ ሁሉ አለው። ልጁ የራሱን ቻርጀር ሰካ፣ ማብሪያውን አንዴ ተጫነ፣ ከዛ «ማዘርቦርዱ ሄዷል እህቴ፣ 14,000 ብር ነው፣ ግማሹን ቀብድ ትከፍያለሽ» አለኝ። ማዘርቦርድ ማለት እኮ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ቦርድ ነው፣ እሱ ግን አልከፈተውም! አንድ ብሎን እንኳ አልነካም። በዛ ላይ ወረቀት ሰጥቶኝ «ፓስወርድሽን ጻፊልን» አለ። ለማይበራ ኮምፒውተር። ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ።

መገናኛ ያለውን ልጅ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከስልክ ከቨር ሻጮቹ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ቤት። ታፔላ የለውም። ላፕቶፕ የሚሠራው ልጅ የት ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ያሳዩዋችኋል።

ልጁ ላፕቶፑን ሳይነካ በፊት «ከመጥፋቱ በፊት ምን ያሳይሽ ነበር?» አለኝ። ያኛው ይሄን አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቻርጀሩን ገመድ በደብተር ደግፌ ነው ቻርጅ የማደርገው፣ ደብተሩ ትንሽ ሲንሸራተት ይቋረጣል። ስነግረው ሳቀብኝ። ይገባኛል።

ከዛ መልቲሜትሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ አወጣ። የቻርጀሩን ጫፍ ለካ፣ 19.5 ቮልት። ጀርባው ላይ የተጻፈውም ያው ነው፣ 19.5 ቮልት፣ 3.33 አምፔር። «ቻርጀርሽ ጤነኛ ነው» አለና የታችኛውን ክዳን ከፈተ። መጀመሪያ ባትሪውን ከቦርዱ ነቀለ፣ ለካው፣ ደርቋል። በዚህ ሞዴል ላይ የቻርጀሩ መሰኪያ ቦርዱ ላይ የተበየደ አይደለም፣ የራሱ አጭር ገመድ አለው፣ ተነቅሎ ይቀየራል። ቻርጀሩን ሰክቶ የዛችን ገመድ ሌላኛውን ጫፍ ለካ። ዜሮ። በሁለት ጣቱ ትንሽ ጠምዘዝ ሲያደርጋት 19 ብቅ አለና ጠፋ። መልቲሜትሩን ወደ እኔ አዙሮ ደግሞ አሳየኝ፣ ጠምዘዝ፣ 19፣ ዜሮ። ባትሪው ቻርጅ ሳያገኝ ቀስ በቀስ አልቆ ነው ማሽኑ ጭራሽ የተኛው። መብራት መሄዱን ሳማ ያደርኩት በከንቱ ነበር።

ከካርቶን ውስጥ ተመሳሳይ ገመድ ፈልጎ ሰካላት። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብርቱካናማ ሆና በራች። እልል ልል ነበር፣ ቦታው ጠቦኝ ተውኩት።

ቦርዱ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ጠየቅኩት። «ቦርድም ሁሌ አይጣልም፣ አንዷ ትንሽ ዕቃ ሾርት አድርጋ ሙሉውን ታስተኛዋለች፣ እሷን ፈልጎ መቀየር ነው» አለኝ። ራሙንም፣ ቦርዱ ላይ የሚሰካውን የሚሞሪ ካርድ ማለት ነው፣ ሳልጠይቀው አውጥቶ ጥርሱን፣ የሚሰካበትን ጫፍ፣ በላጲስ አሸት አሸት አድርጎ መለሰው። መብራቱ እየበራ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆንባችሁ ካላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ ግን።

ሁሉንም 1,500 ብር አስከፈለኝ፣ ዕቃውንም ጨምሮ።

የማይመቸኝን ልናገር። ስልክ አያነሳም። «አንድ ሰዓት ይፈጃል» ካለ ሦስት በሉት፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነው የጠበቅኩት፣ ወንበር የሚባል ነገር የለም። የአንድ ወር ዋስትና አለው ይላል፣ ግን በቃል ነው፣ እዛ ላይ ከበድ አለኝ። የቀየረልኝ ገመድም ከሌላ ማሽን የወጣ ነው፣ ያንን ደብቆ አልሸጠልኝም፣ አዲስ ከፈለግሽ ትጠብቂያለሽ ብሎኝ እኔው ነኝ የቸኮልኩት።

ከሄዳችሁ ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለሱ አይጀምርም። ሊፍቱ አይሠራም። በቴሌብር ይቀበላል፣ ደረሰኝ ግን የለም። ከአምስት አራት ኮከብ፣ አንዷን የቀነስኩት ለእግሬ ነው።