ራዲዮ ጋርደን፦ የወቅቶችን ሙዚቃ ከየአገሩ ጣቢያ ለማዳመጥ

ራዲዮ ጋርደን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 በኔዘርላንድስ የተጀመረ፣ በመላው ዓለም የሚገኙ የራዲዮ ጣቢያዎችን የቀጥታ ስርጭት በአንድ ቦታ የሚያሰማ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ድረ ገጹ ወይም የስልክ መተግበሪያው ሲከፈት የምድር ሉል ይታያል፤ በላዩ የተበተኑት አረንጓዴ ነጠብጣቦች ጣቢያ ያለባቸውን ቦታዎች ያመለክታሉ። ሉሉን አሽከርክሮ አንዱ ነጠብጣብ ላይ ማቆም ብቻ ይበቃል፤ በዚያው ቅጽበት እዚያ የሚተላለፈው ይሰማል። እዚህ የምመዝነው አገልግሎቱ በወቅቶች መለዋወጫ ጊዜ መንፈስን የሚያነቃቃ አዲስ ሙዚቃ ለማግኘት ያለውን ጥቅም ነው።

ለዚህ ዓላማ ዘፈን እየመረጡ ከሚያቀርቡት መተግበሪያዎች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። እነዚያ አድማጩ ትናንት የወደደውን መሠረት አድርገው ለዛሬ ተመሳሳዩን ያቀርባሉ፤ የአካባቢ ጣቢያ አዘጋጅ ግን ዝናቡ መቆሙን፣ አዝመራው መድረሱን፣ ጎረቤቱ ለበዓል ሽር ጉድ ማለቱን በዓይኑ እያየ ስለሚመርጥ፣ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ያለው ወቅት ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይመጣል።

ይህን ለመረዳት ከካሪቢያኗ ደሴት ከትሪኒዳድ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። በዲሴምበር የዋና ከተማዋ የፖርት ኦፍ ስፔን ጣቢያዎች ፓራንግ የተባለውን የገና ሙዚቃ ያሰማሉ፤ ከቬኔዙዌላ ጋር ካለው ትስስር የተነሳ በባህላዊ መልኩ በስፓኒሽ የሚዘፈን ሲሆን፣ ኳትሮ የተባለችው ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታርና የማራካስ ቅጭልጭልታ ያጅቡታል። ገና ሲያልፍ ደግሞ ካርኒቫል የተባለው የጎዳና ጭፈራ በዓል ወራት ይገባና እነዚያው ጣቢያዎች ወደ ሶካ ይዞራሉ። ሶካ በ1970ዎቹ ካሊፕሶ ከተባለው ነባር የደሴቲቱ ሙዚቃ የወጣ፣ በደሴቲቱ ከሚኖሩት የህንድ ዝርያ ያላቸው ሕዝቦች ምትም የተዋሰ፣ እግርን ዝም የማያሰኝ ፈጣን ሙዚቃ ነው፤ የዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት እስካሉት ሰኞና ማክሰኞ ድረስ ግለቱ እየጨመረ ይሄዳል። አንድን ጣቢያ ከዲሴምበር እስከ ካርኒቫል ያለማቋረጥ የተከተለ ሰው ወቅት ሲለወጥ በጆሮው ይሰማዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም የተዘጋጀ የዘፈን ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

በኤፕሪል አጋማሽ ሉሉን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ህንድ ማዞር ይገባል። በአሳም የሮንጋሊ ቢሁ በዓል አዲሱን ዓመትና የእርሻውን ወቅት የሚቀበለው በዚያን ጊዜ ነው፤ ዶል የተባለው ከበሮና ከጎሽ ቀንድ የሚሠራው የትንፋሽ መሣሪያ ፔፓ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ጉልበት የተለየ ነው። በጁን ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ተራ ይሆናል። በካምፒና ግራንዴና በካሩአሩ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ከበቆሎ አዝመራ ጋር ይገጥማል፤ በአኮርዲዮን፣ በዛቡምባ ከበሮና በትሪያንግል የሚሠራው፣ ፎሮ የተባለው ስልት የበዓሉ ዋና ሙዚቃ ነው።

ድክመቶቹን አለመጥቀስ አድማጩን ማሳሳት ይሆናል። ስርጭቱ የቀጥታ ስለሆነ ያመለጠ ዘፈን ተመልሶ አይገኝም፤ የዘፈኑን ርዕስ ለማወቅም ብዙውን ጊዜ ሌላ መተግበሪያ ያስፈልጋል። በትልልቅ ከተሞች ያሉ ብዙ ጣቢያዎች በዓለም ዙሪያ የሚሰሙትን ተወዳጅ ዘፈኖች ስለሚደጋግሙ፣ የአካባቢውን ድምፅ ለሚፈልግ ሰው አነስተኛ ከተሞችና የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ይሻላሉ። በዩናይትድ ኪንግደም ያሉ አድማጮች ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በፈቃድ ጉዳይ ምክንያት ከአገራቸው ውጭ ያሉትን ጣቢያዎች በዚህ አገልግሎት እንዳይሰሙ ተገድበዋል፤ ይህ በእውነት ያሳዝናል።

የዳታ ወጪ የሚያሳስበው አድማጭ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሚተላለፍ ጣቢያ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት እንደሚወስድ ቢያውቅ መልካም ነው። የአካባቢውን ሰዓት ማየትም አይዘነጋ፤ በዚያ ሌሊት ከሆነ ጣቢያው በኮምፒውተር የተደረደረ ሙዚቃ ብቻ ሊያሰማ ይችላል፣ በማለዳና በበዓል ዋዜማ ግን አዘጋጁ ራሱ ወንበሩ ላይ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። የተወደደውን ጣቢያ በልብ ምልክቱ ማስቀመጥ ስለሚቻል፣ በሚቀጥለው ወቅት እንደገና ፍለጋ መጀመር አያስፈልግም።