ሪድላይን፦ ባሽ ላይ ትእዛዝን ማረሚያ አቋራጮች

ተርሚናል (ኮምፒውተርን በጽሑፍ የሚያዙበት መስኮት) ላይ የሚውሉ ሰዎች ትእዛዛቸውን ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ባሽን በስም ያውቁታል፤ የሚጽፉትን መስመር የሚያርምላቸው ግን ብሪያን ፎክስ የጀመረውና ቼት ሬሚ ለረጅም ዓመታት ሲያሻሽለው የኖረው ሪድላይን የተባለው የጂኤንዩ (የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት) ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ፣ መሆኑን ብዙዎች ልብ አይሉም።

ኮንትሮልን ይዞ የኤ (A) ቁልፍን መጫን ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ፣ የኢ (E) ቁልፍን መጫን ደግሞ ወደ መጨረሻው ይወስደዋል፤ ስለዚህ ሱዶ (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ መብት የሚያስኬደው፣ ከፊት የሚጻፍ ቃል) የተረሳበትን ረጅም ትእዛዝ ከፊደል ወደ ፊደል በቀስት መጓዝ ሳያስፈልግ ማስተካከል ይቻላል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ቆርጦ የማስቀመጥ ችሎታውን ነው። የማጥፊያ ትእዛዝ ጽፈው ሳይጨርሱ የፎልደሩን ይዘት አስቀድመው ማየት ቢፈልጉ፣ በኮንትሮልና ዩ ከጠቋሚው በስተግራ ያለውን ሁሉ ቆርጠው፣ ይዘቱን ካዩ በኋላ በኮንትሮልና ዋይ የጀመሩትን እንዳለ ይመልሱታል። አልትና ነጥብ ደግሞ የቀደመውን ትእዛዝ የመጨረሻ ቃል ያመጣል፤ አሁን የፈጠሩትን ፎልደር ስም ዳግም ከመጻፍ ያድናል።

የቆየን ትእዛዝ በኮንትሮልና አር ወደ ኋላ መፈለግ ግሩም ነው። ወደ ፊት የሚፈልገው ኮንትሮልና ኤስ ግን ትልቅ እንከን አለበት፦ በብዙ ተርሚናሎች ቁልፉ የጽሑፍ ፍሰት ማቆሚያ ስለሆነ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል፤ የሚፈታውም በኮንትሮልና ኪው ነው። ይህ ለጀማሪ በግልጽ ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው። በብራውዘር ውስጥ በሚከፈት ተርሚናል ደግሞ አንድ ቃል የሚሰርዘው ኮንትሮልና ደብሊው ታቡን ራሱን ሊዘጋው ስለሚችል፣ በዚያ ቦታ አልትንና ባክስፔስን መጠቀም ይሻላል።