ለእማዬ አስተርጓሚና ለጥናት ነርሷ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰዎች። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ዛሬ እማዬ በካንሰር ጥናት ውስጥ የምትወስደውን መድኃኒት ስድስተኛ ዙር ጨርሳ ቤት ገብታ ተኝታለች፣ እኔም ጊዜ አገኘሁ።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ከደብረ ብርሃን ከመጣች 5 ዓመት ሊሆናት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ወገቤን አመመኝ ስትል ብርዱ ነው፣ እርጅና ነው እያልን ከረምን። ከዚያ ደም አነሳት። ከዳሌ አጥንቷ መቅኒ ተወስዶ ሲመረመር መልቲፕል ማይሎማ ሆኖ ተገኘ፣ የአጥንት መቅኒ ካንሰር ማለት ነው። እኔ ግን "የደም ሕመም ነው" አልኳት። ታውቁታላችሁ፣ እኛ ቤት ያ ቃል ለታማሚ አይነገርም። የማስተረጉምላት እኔው ስለነበርኩ ሐኪሙ ብዙ ሲያወራ ቆይቶ እኔ የማቀብላት ግማሹን ነበር።

የመጀመሪያው መድኃኒት ለጊዜው ሠራ፣ ከዚያ ውጤቷ ተመልሶ ተበላሸ። ሐኪሟ ክሊኒካል ጥናት፣ ማለትም ሕክምና በፈቃደኛ ታማሚዎች ላይ የሚጠናበት ውስጥ፣ መግባት ትችላለች አለን። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ከ20 ገጽ በላይ እንግሊዝኛ ሰጥተው "አንብባችሁ ፈርሙ" አሉን። እማዬ ወረቀቱን አገላበጠችውና "የሙከራ አይጥ ሊያደርጉኝ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሳንፈርም ተመለስን።

አልፈረድኩባትም። በዚህ አገር በጥቁር ሰው ላይ የተሠራው ሥራ የታወቀ ነው። አላባማ፣ ቱስኪጊ ውስጥ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች ሳያክሙ ሲያጠኗቸው ኖረዋል፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ ማለት ነው። እዚሁ ባልቲሞር ሄንሪዬታ ላክስ የምትባል እናት በ1951 ስትታከም ከዕጢዋ የተወሰደው ሕዋስ ፈቃዷ ሳይጠየቅ በዓለም ላብራቶሪዎች ሁሉ ተባዝቷል። ዛሬ ያ ረጅም ወረቀት የመጣው፣ ጥናቱንም ገለልተኛ ኮሚቴ ሳያጸድቀው የማይጀመረው፣ እንዲህ ካለው በደል በኋላ ነው። ወረቀቱ ግን በማይገባን ቋንቋ ከሆነ ምን ያደርግልናል?

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ የብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩቱን ነጻ ስልክ ሰጠችኝ፣ 1-800-422-6237። የእማዬን የሕመም ዓይነት፣ የወሰደችውን መድኃኒትና የምንኖርበትን ቦታ ጠይቀው የሚስማሟትን ጥናቶች ፈለጉልኝ። ሁለቱ መስፈርቱን አላሟላችም ብለው መለሷት፣ ያኔ አለቀስኩ። ሦስተኛው ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ያለው የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም፣ ኤን አይ ኤች ሆነ። እዚያ ያለው ሆስፒታል በ1953 ከተከፈተ ጀምሮ የቆመው ለጥናት ነው።

የመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚ ቀጥረውልን ጠበቁን። እኔ እኮ እችላለሁ ልል ነበር። ልጅቷ ከእማዬ አጠገብ ተቀመጠችና "እማማ፣ እኔ የተባለውን ሁሉ ነው የምነግርዎት። አልጨምርም፣ አልቀንስም። እርስዎ የሚሉትንም እንዲሁ" አለቻት። ልቤ ቀጥ አለ። ሐኪሙ ጀመረ፣ እሷም ያንን ቃል እንዳለ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ "የአጥንት መቅኒ ካንሰር" አለቻት። እኔ ወለሉን አየሁ። እማዬ ግን "አውቃለሁ ልጄ። ይቺ ደንግጣ ትወድቅብኛለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለች። ለካ ስንት ወር ሙሉ እኔ እሷን፣ እሷ ደግሞ እኔን ስንደብቅ ኖረናል።

ከዚያ በኋላ እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። ጥያቄዋን ለቀቀችው። ባዶ ክኒን ትሰጡኛላችሁ ወይ? ደሜን ወዴት ነው የምትወስዱት? ቢያሳብጠኝ፣ ቢያስመልሰኝ ማን ያነሳኛል? የጥናቱ ነርስ አንድ በአንድ መለሰች። በዚህ ጥናት ሁሉም ሰው መድኃኒቱን ያገኛል። ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ በዕጣ የሚለይባቸው ጥናቶች አሉ፣ እነሱም ላይ ቢሆን የካንሰር ታማሚ የታወቀውን ሕክምና ተከልክሎ ባዶ ክኒን ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ እምብዛም ነው አለቻት። እማዬ ወደ አስተርጓሚዋ ዞራ "እናትሽ ብትሆን ታስፈርሚያት ነበር?" ስትላት፣ ልጅቷ አልመለሰችም፣ ጥያቄውን እንዳለ ለነርሷ አስተረጎመችው። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እኔ ልወስንልዎት አልችልም። የቀረውን ፍርሃትዎን ግን ይንገሩኝ" አለች።

መጨረሻ ላይ "አሁን እርስዎ በራስዎ አነጋገር ያስረዱኝ" አለቻት። እማዬ ተረት እንደምትነግር ተመቻችታ አስረዳች። አንድ ነገር ብቻ ሳተች፣ ከፈረምኩ እስኪያልቅ መውጣት አልችልም አለች። ነርሷ ከዚያ ጀምራ እንደገና አስረዳቻት፦ ዛሬም፣ ነገም፣ መሀል ላይም ቢሆን ምክንያት ሳትናገር ማቆም ትችላለች፣ ከመደበኛ ሕክምናዋም ማንም አያስቀራትም። ወረቀቱን ቤት ይዘን ሄድን። በሳምንቱ ተመልሳ ፈረመች፣ በአማርኛ፣ ስሟን ከነአባቷ ስም።

የጥናት ነርሷ ስትደውል ለእኔ አትደውልም። አስተርጓሚ መስመር ላይ አስገብታ ለእማዬ ነው የምትደውለው። ከመድኃኒቶቿ አንዱ፣ ስቴሮይዱ፣ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ ሁዳዴ ሲገባ ተጨንቀን ነበር፣ ቀድማ የጠየቀችን እሷ ናት። እማዬም የንስሐ አባቷን አማክራ ተፈቀደላት። ዳማ ከሴ ስትጠጣ ያወጣጣቻትም እሷ ናት። ብትቆጣት ኖሮ እማዬ ትደብቀው ነበር። እሷ ግን ቅጠሉን አምጪልኝ ብላ ለፋርማሲስቱ አሳየችው፣ ለጊዜው ይቆይ ተባለ።

ዳነች አልላችሁም። እግሯ ይደነዝዛል፣ አንዳንድ ሳምንት የደም ሴሎቿ ወርደው መድኃኒቱ ይዘገይባታል። ውጤቷ ግን እየተሻሻለ ነው፣ ማታም ትተኛለች። ማይሎማ ጥቁሮችን ከነጮች በእጥፍ ገደማ ይይዛል፣ ጥናቶቹ ውስጥ ያለነው ግን ጥቂት ነን። ይህን ስትሰማ እማዬ "እንግዲያ የእኔም ደም ይታይ" ነው ያለችው።

ለምትፈልጉ ጥቂት ልንገራችሁ። አስተርጓሚ መብታችሁ ነው፣ በነጻ ነው፣ ቀጠሮ ሲያዝ ቀድማችሁ "አማርኛ" በሉ። የስልክ ቁጥሩ ላይ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ወይም ጎረቤት ይደውልላችሁ። ኤን አይ ኤች ለጥናቱ ሕክምና አያስከፍልም። ሌላ ሆስፒታል ከሆነ ግን የትኛውን ጥናቱ፣ የትኛውን ኢንሹራንስ እንደሚከፍል ሳትፈርሙ ጠይቁ። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ከ2022 ጀምሮ በጥናት ውስጥ ያለ ሰው መደበኛ ወጪ ይሸፍናል። ወደ ኤን አይ ኤች የምትሄዱት በባቡር ከሆነ ሬድ ላይን፣ ሜዲካል ሴንተር ጣቢያ ውረዱ። በር ላይ መታወቂያና ፍተሻ ስላለ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ የምትሄዱት ሕንጻ 10 ነው።

የሁለቱን ስም ያልጻፍኩት አትጻፊ ስላሉኝ ነው። ጥያቄ ያለው በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። እማዬ ደግሞ ለሁለቱም "የወለደቻችሁ እናት ትባረክ፣ እጃችሁ አይንጠፍ" ብላችኋለች።