ምንነቱ ያልታወቀ የድሮ መኪና ዕቃ ለያዘ ሰው፦ አዳማ ውስጥ ስላገኘሁት አንድ የመለዋወጫ ቤት

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚያወጣው መንገድ ዳር ስሙን ያልለጠፈ አንድ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ቤት አለ። ደጁ ላይ ከተደረደሩት ያገለገሉ ባሌስትራዎች በቀር ሱቅ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት የለውም። ስለዚህ ቤት የምጽፈው ብዙ ዕቃ ገዝቼበት አይደለም፤ ለወራት ምንነቱን የሚነግረኝ ሰው ያጣሁለትን ብረት በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለይቶ ስለሰጠኝ ነው።

አጎቴ በጅቡቲ መስመር ዕድሜያቸውን የፈጁበት ፊያት 682፣ ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉት፣ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ይህ የመኪና ዓይነት ጣሊያን ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በስሙ ውስጥ ያለው «ኤን» የተሰኘው ፊደል እኛም ናፍጣ የምንለውን ነዳጅ የሚያመለክት ሲሆን፣ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። መኪናውን ዳግም ለማስነሳት ስንዘጋጅ ከመፍቻ ሳጥኑ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ሁለት ጭብጥ የሚያህል የአሉሚኒየም ዕቃ አገኘን። አናቱ ላይ በዳዶ የተቆለፈ ማስተካከያ ቡሎን፣ ጎንና ጎኑ ላይ እንደ ቡሎን ጠመዝማዛ ጥርስ ያላቸው ሁለት አፎች፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ጥርስ የሌለው አንድ ክፍት ቀዳዳ ነበረው። አጎቴ በሕይወት ስለሌሉ የምንጠይቀው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የፈጸምኩት ስሕተት ዕቃውን በናፍጣ ማጠቤ ነው። ወደ አንድ ጋራዥ ስወስደው መካኒኩ አገላብጦ አሸተተውና የናፍጣ ማጣሪያ ክፍል እንደሆነ በእርግጠኝነት ነገረኝ፤ የሸተተው ግን እኔው ያጠብኩበት ናፍጣ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያ ምክር ተመርቼ በነዳጅ መስመሩ ላይ ቦታውን ስፈልግለት የባከነው ጊዜና ገንዘብ ቀላል አይደለም።

በመለዋወጫ ቤቱ የተቀበሉኝ አዛውንት ዕቃውን ከእጄ እንደወሰዱ ያቀረቡልኝ ጥያቄ «አጥበኸዋል ልጄ?» የሚል ነበር። «አዎ ጋሼ፣ በናፍጣ» አልኳቸው። «እንግዲህ ውጩ ምንም አይነግረንም፤ ውስጡን እናየዋለን» ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስሙን ሊገምቱልኝ አልሞከሩም፤ በዚህ ቤት ላይ እምነቴ የጀመረው ከዚያች ደቂቃ ነው።

ጎኑ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ቁጥር ጠመኔ ቀብተው ካነበቡት በኋላ ብዙም ቦታ አልሰጡትም። እንዳስረዱኝ ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ የፈሰሰበት ቅርጽ ቁጥር እንጂ የዕቃው መለያ ቁጥር አይደለም፤ ከአንድ ቅርጽ የወጣ ብረት በተለያየ መንገድ ተበስቶና ተሞርዶ የተለያየ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መለያ የሚገኘው በኋላ በተመታ ጽሑፍ ወይም በተለጠፈ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ የእኛ ዕቃ ሰሌዳ ወልቆ ሁለት የሪቬት ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። እኔ ለሳምንታት በስልኬ ስፈልገው የከረምኩት ያንኑ የቅርጽ ቁጥር ነበር።

ቀጥሎ የአፎቹን ጥርስ ለኩ። የጥርስ መለኪያቸው ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ስፋት የሚለካው ካሊፐር ደግሞ ወደ 22 ሚሊ ሜትር አሳየ፤ ይህ በሚሊ ሜትር የሚሠራው የሜትሪክ ጥርስ ልክ ነው። በዓይን ሲታይ የእንግሊዞቹ የግማሽ ኢንች የቧንቧ ጥርስ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የዚያ የውጭ ስፋት 20.96 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አለው፤ የጥርሱ ማዕዘንም 55 ዲግሪ እንጂ እንደ ሜትሪኩ 60 ዲግሪ አይደለም። በዚህች አንዲት ልኬት በኢንች የሚሠሩት የእንግሊዙ ቤድፎርድም የአሜሪካ መኪናዎቹም ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወጡ። በአፎቹ አጠገብ በኋላ ዘመን በአየር ፍሬን ዕቃዎች ላይ የተለመዱት ቁጥሮች፣ ማለትም 1 ለመግቢያ፣ 2 ለመውጫ፣ 3 ወደ ውጭ ለሚለቀቀው፣ አለመኖራቸውም የዕቃውን አሮጌነት የሚደግፍ ሆነ።

ነገሩን የቋጨው ግን ሥሩ ላይ ያለው ክፍት ቀዳዳ ነው። ጥርስ የሌለው አፍ ቧንቧ አይታሰርበትም፤ ስለዚህ በእሱ የሚወጣው ነገር ወደ መሬት ወይም ወደ አየር የሚለቀቅ ነው። ናፍጣ እንዲህ የሚለቅ ዕቃ በነዳጅ መስመር ላይ ማን ያስቀምጣል? ዕቃው ሲፈታ መግቢያው ላይ ጠቁሮ የጠጠረ የዘይት ከሰል፣ ከታች ደግሞ ውኃ አሉሚኒየም ላይ የሚተወው ነጭ ዱቄት ተገኘ። የጋለ ዘይትና ውኃን በአንድነት የሚያመጣ መስመር ለፍሬኑ አየር የሚያምቀው የኮምፕሬሰር መስመር ነው። ዕቃው የአየር ፍሬኑ የግፊት መቆጣጠሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ታንኩ ሲሞላ ኮምፕሬሰሩ የሚያመነጨውን አየር ወደ ውጭ ይለቃል፣ ግፊቱ ሲወርድ እንደገና ወደ ታንኩ ይመልሰዋል።

አዛውንቱ በዚህም አልረኩም። በማግስቱ ዕቃውን ከራሳቸው ኮምፕሬሰር ጋር አገናኝተው፣ ሳሙና ቀብተው፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ ሲወጣ አብረን ተመለከትን። 7 ባር አካባቢ ሲደርስ አየሩን በኃይል ለቀቀ፣ ወደ 6 ሲወርድ ዘጋ። የደረቀው ጎሚኒ ግን ያስተነፍስ ስለነበር ተለወጠ። ግቢያችን ድረስ መጥተውም ከኮምፕሬሰሩ እስከ ታንኩ ያለውን ቧንቧ በእጃቸው ተከትለው ከተሰቀለው መቆጣጠሪያ ጋር አመሳከሩት፤ አጎቴ ያስቀመጡት መጠባበቂያ ነበር። ፍሬን ላይ የሚገባ ዕቃ «ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ እንደማይታሰር፣ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ደግሞ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ እንደሆነ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ክብደት አልረሳውም።

ለምርመራው፣ ለፍተሻውና ለጎሚኒው በአጠቃላይ 900 ብር ከፍያለሁ፤ ለሦስት ቀን ሥራ ርካሽ ነው እላለሁ። ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም አሉ። ደረሰኝ አይሰጡም። ፎቶ ልኮ መልስ ማግኘት አይቻልም፤ ዕቃውን በአካል ካላዩ አይናገሩም፤ በዚህ አሠራራቸው ብስማማም ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ከባድ መሆኑን አልክድም። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ልኬቶቹም ሆኑ ድምዳሜዎቹ በደብተር አለመስፈራቸው ነው፤ ዕውቀቱ ያለው በእሳቸውና አብረዋቸው በሚሠሩት ሌላ አዛውንት ዘንድ ብቻ ነው። የእኛን ዕቃ ልኬት እኔ ጽፌ፣ ሥዕሉንም ስዬ አንድ ቅጂ ትቼላቸዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል።

ወደዚህ ቤት የምትሄዱ ሁሉ በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ወጥተው አይገኙም። ዕቃው የወጣው ከየትኛው መኪና እንደሆነና የት እንደተቀመጠ ጻፉ፤ የተጠቀለለበትንም ጨርቅ አትጣሉ። በምንም ምክንያት ሳታጥቡት ከነጭቃውና ከነዘይቱ ውሰዱት።