የተደገመ የላቦራቶሪ ትእዛዝ የሚያግዱ ሶፍትዌሮች፦ ከመግዛታችሁ በፊት

የኤሌክትሮኒክ የታካሚ ካርድ ሶፍትዌር ሻጮች ሁሉ ማለት ይቻላል የተደገመ ትእዛዝ የሚለይ ክፍል አለን ይላሉ። ዋናው ጥያቄ ግን ያስጠነቅቃል ወይስ ያግዳል የሚለው ነው። ማስጠንቀቂያ ብቻ ከሆነ ተረኛው ሐኪም ሳያነበው «እሺ» ብሎ ያልፈዋል። የአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ሁለቱንም ሲያወዳድር እገዳው 92 በመቶ ያህሉን ድግግሞሽ አስቀርቷል፤ ማስጠንቀቂያው 43 በመቶ ገደማ ላይ ቀርቷል። እዚያ እገዳውን ማለፍ የፈለገ ሐኪም ስልክ መደወል ነበረበት። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ከሌላችሁ እገዳውን ሥራ ላይ ባታውሉት ይሻላል።

በእኛ ግምገማ እገዳው ዋጋውን ያወጣል፤ የሚበላሸው አንድ ምርመራ ለምን ያህል ጊዜ ሳይደገም እንዲቆይ በሚሞላው ላይ ነው። ለሁሉም ምርመራ 24 ሰዓት ብሎ መሙላት ስንፍና ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ኤችቢኤዋንሲን (የወራቱን አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ከ3 ወር በፊት መድገም ብዙም አይጠቅምም። ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ) ደግሞ የታይሮይድ መድኃኒቱ መጠን ከተቀየረ በኋላ 6 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ ምርመራ) ግን በሰዓታት ውስጥ መደገም አለበት፤ በስኳር ኬቶአሲዶሲስ (በስኳር ሕመም ደሙ አሲዳማ ሆኖ) የተኛ ታካሚ ፖታሲየምም እንዲሁ። ለታካሚ ደም ከመስጠት በፊት ለደም ዓይነት ማረጋገጫ የሚቀዳው ሁለተኛ ናሙና የታካሚ መቀያየር ስህተት መያዣ ነውና ፈጽሞ አይታገድ።

ትልቁ ብልሽት ሰዓቱ ከትእዛዙ ጀምሮ መቆጠሩ ነው። ደሙ ሄሞላይዝድ ሲሆን (ቀይ ሴሎቹ ሲፈነዱ)፣ የሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ናሙና ሲረጋ ወይም ለደም መርጋት ምርመራ የሚውለው ሰማያዊው የሲትሬት ቱቦ እስከ መስመሩ ሳይሞላ ሲቀር ናሙናው ውድቅ ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ ግን እንደተሠራ ይቆጥረዋል። ያኔ የግድ የሚያስፈልገው ድጋሚ ይታገዳል። ፖታሲየምን የሚጨምረው የኤሌክትሮላይት (የደም ጨዎች) ምርመራ ጥቅል ታዞ ሳለ ፖታሲየም ለብቻው ሲታዘዝ ደግሞ ኮድ ብቻ የሚያወዳድር ሶፍትዌር ድግግሞሹን አያየውም። የካርድ ክፍል ጣጣም አለ፦ ስሙ ሳይታወቅ ድንገተኛ ክፍል የገባ ታካሚ ሁለት ካርድ ቁጥር ከወጣለት ለሶፍትዌሩ ሁለት ሰው ነው። መብራት ጠፍቶ በወረቀት የታዘዘውንማ ማን ያየዋል!

«ቀድሞ ታዟል» ብቻ የሚል መስኮት ሐኪሙን ያናድዳል እንጂ አይመልሰውም። የቀድሞውን ውጤት ከነቀኑ፣ ካልወጣም ናሙናው የተቀዳበትን ሰዓት እዚያው ያሳይ።

ሻጩ ሲያሳያችሁ በሙከራ ታካሚ ላይ ሲቢሲ እዘዙ፣ ናሙናውን ውድቅ አድርጉ፣ ወዲያው መልሳችሁ እዘዙ። ከታገደ አትፈርሙ።